ፊዚክስ፣ ማትስና ወፍ፦ ሦስቱን የሚያገናኝ የጥናት ጥያቄ እንዴት ይወጣል?

ፊዚክስ ወይ ማትስ ተምራችሁ ማስተርስ ላይ "ወፍ ላይ አንድ ነገር ብሠራስ" እያላችሁ ያላችሁ፣ ወይም ባዮሎጂ ሆናችሁ ቀመር የማያስፈራችሁ፣ ይኼ ለናንተ ነው። ብዙ ፕሮፖዛል ላይ የሚታየው "የወፎች በረራ በስታቲስቲካል ፊዚክስ" ዓይነት ነገር ነው፣ እሱ ግን ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የምለው ቢያንስ ሁለት መልስ ሊኖረው የሚችል፣ ሁለቱ መልሶች ደግሞ ሜዳ ወጥታችሁ ስትቆጥሩ የተለያየ ቁጥር የሚሰጧችሁ ነገር ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡ ሞዴሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር ወፏን ምንም አልጠየቃችኋትም። ከዚህ ሌላ ትልቅ ሚስጥር የለም፣ የቀረው ዝርዝር ነው፣ ሰው የሚወድቀው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በኋላ እንዳንጣላ።)

ከሮም እንጀምር፣ ከሱ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ብርዱ ሲገባ ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎች ከሰሜን ወርደው ሮም ከተማ ውስጥ ያድራሉ፣ አመሻሽ ላይ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በሺዎች ሆነው ሰማዩ ላይ ሲጠቀለሉ ሲዘረጉ ይታያሉ፣ ጭልፊት ሲመጣባቸው ደግሞ መንጋው ይለጠጥና መልሶ ይገጥማል፣ ያላየ ዩቲዩብ ላይ ይፈልግ። መሪ የላቸውም። ታዲያ አንዷ ወፍ ማንን አይታ ነው የምትታጠፈው?

ሞዴል ከሆነ የሮሞቹ ወፎች ከመጠናታቸው በፊትም ነበር። ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 ለኮምፒውተር አኒሜሽን ብሎ "ቦይድስ" የሚባል ፕሮግራም ሠራ፣ ሕጉ ሦስት ብቻ ነው፦ አትጋጭ፣ ጎረቤቶችህ በሚበሩበት አቅጣጫ ብረር፣ ከመንጋው አትራቅ። በ1995 ሀንጋሪያዊው ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ ነገሩን ወደ ፊዚክስ አመጡት፣ እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ራዲየስ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች አማካይ አቅጣጫ ይዞ ትንሽ ስህተት ይጨምርበታል፣ ስህተቱ ሲቀንስ ወይ ነጥቦቹ ሲጠጋጉ ድንገት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ልክ ማግኔት ሲቀዘቅዝ እንደሚሆነው። በዚያው ዓመት ቶነርና ቱ የሚባሉ የፊዚክስ ሰዎች መንጋውን እንደ ፈሳሽ ቆጥረው እኩልታ ጻፉለትና ቆሞ የሚቀር ማግኔት በሁለት ዳይሜንሽን ሊይዘው የማይችለውን ሥርዓት (ሁሉም ወደ አንድ ጎን መሆኑን) የሚንቀሳቀስ መንጋ ሊይዘው እንደሚችል አሳዩ። ለቲዎሪ ሰው ድግስ ነው። ግን እነዚህ ሞዴሎች "ጎረቤት" ሲሉ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለ ማለታቸው ነው፣ እሱን ደግሞ ሰማይ ላይ ሄዶ የለካ የለም።

የሮም ፊዚክስ ሰዎች (ጆርጆ ፓሪዚ፣ አንድሬያ ካቫኛ፣ ኢሬኔ ጃርዲና እና ሌሎቹ) የያዙት ይቺን ነጥብ ነው። ወፍ ጎረቤቷን የምትመርጠው በሜትር ነው ወይስ በቁጥር? በሜትር ከሆነ መንጋው ሲሳሳ የምታያቸው ጎረቤቶች ይቀንሳሉ። በቁጥር ከሆነ መንጋው ቢሳሳም ቢጠጋጋም ያው ናቸው። አያችሁ፣ መንጋው ሁሌ እኩል ጥግግት ቢኖረው ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር፣ የሚለያዩበትን ሁኔታ ማግኘታቸው ነው ሥራው። ከዚያ ፓላሶ ማሲሞ የሚባለው ሙዚየም ጣሪያ ላይ ካሜራዎች አራርቀው ተክለው በአንዴ እያነሱ የእያንዳንዷን ወፍ ቦታ በሦስት ዳይሜንሽን አወጡ። እዚህ ጋ ማትሱ ይገባል፣ ምክንያቱም ሁለት ፎቶ ላይ ያሉ ሺህ ጥቁር ነጥቦች የትኛው የትኛው እንደሆነ ማዛመድ ቀልድ አይደለም።

ግን ወፏ ማንን እንደምታይ ፎቶ አይናገርም። ስለዚህ በተዘዋዋሪ ገቡበት። የአንዲት ወፍ የቅርብ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ከጎኗ እንጂ ከፊቷ ወይ ከኋላዋ አይሆንም፣ ይኼ አድልዎ ሁለተኛ ሦስተኛ ጎረቤት እያላችሁ ስትሄዱ እየደበዘዘ ስድስተኛ ሰባተኛው አካባቢ ይጠፋል። ያቺ ስድስት ሰባት ደግሞ የሳሳ መንጋ ላይም የተጠጋጋ መንጋ ላይም ያው ናት፣ ርቀቱ ግን ይለዋወጣል። መልሱ በቁጥር ነው ማለት ነው፣ በ2008 ታተመ። ለኢኮሎጂው ትርጉም አለው፦ ጭልፊት መንጋውን ሲለጥጠው በሜትር ቢሆን ኖሮ ዳር ያሉት ተገንጥለው ይቀሩ ነበር። ፓሪዚ በ2021 ኖቤል ያገኘው በወፍ አይደለም፣ ሥርዓት በሌላቸው ሲስተሞች ላይ በሠራው ነው፣ ግን ብዙ ትንንሽ ነገር እርስ በርሱ ሲጎታተት ምን ይወጣል የሚለው ጥያቄ ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

ወደ ራሳችሁ ስታመጡት እንዲህ አድርጉ። የምታውቁትን ሞዴል አንስታችሁ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈውን አንድ ግምት ፈልጉ (እዚህ ላይ ራዲየሷ ነበረች)፣ በሱ ምትክ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል በሉ፣ ከዚያ ሁለቱ የሚለያዩበትን ሁኔታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ካልወጣላችሁ ፓይተን አትክፈቱ። ሲሙሌሽን ያታልላል፣ ቆንጆ ቪዲዮ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ከሂሳቡ ተነስቶ ወደ ወፍ የመጣ ጥያቄስ የለም ወይ? አለ፣ ግን ሌላ ዓይነት ችሎታ ይጠይቃል። ሮበርት ሜይ አውስትራሊያዊ የቲዎሪ ፊዚክስ ሰው ነበር። ያኔ ብዙ ኢኮሎጂስት ዝርያ በበዛ ቁጥር አካባቢው ይረጋጋል ብሎ ያምናል። ሜይ በ1972 የፊዚክስ ሰው ዩጂን ዊግነር ለአቶም ኒውክሊየስ ያመጣውን በዘፈቀደ የተሞላ ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ወስዶ ዝርያዎቹ እርስ በርስ ያላቸውን ተጽዕኖ በዕጣ ሞላበት፣ የወጣው ተቃራኒው ነው፦ የዝርያው ብዛትና የግንኙነቱ ጥግግት ተባዝተው ስኩዌር ሩታቸው በግንኙነቱ ጥንካሬ ሲባዛ ከ1 ካለፈ ሲስተሙ ይፈርሳል። እውነተኛ ጫካ በዕጣ የተሞላ አይደለም፣ ሜይም አላለም። ጥያቄው ታዲያ "በዕጣ ያልሆነው ነገር ምንድነው የያዘው?" ሆነና እስከዛሬ ሰው ይሠራበታል። የማይመስል ሞዴል ችግር የለውም፣ የት ጋ እንደሚሰበር አውቃችሁ ከሆነ።

ዳታ ላይ ደግሞ አልባትሮስ የምትባለዋን የባሕር ወፍ ታሪክ ሳታውቁ አትግቡ። በ1996 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ፣ አልባትሮስ ምግብ ስትፈልግ ሌቪ በሚባለው አካሄድ ነው የምትበረው ተባለ፣ ማለትም ብዙ አጫጭር ጉዞና አልፎ አልፎ እጅግ ረጅም። ዳታው የመጣው እግሯ ላይ ከታሰረ እርጥበት ከሚለይ መሣሪያ ነው፣ ደረቅ ከሆነ እየበረረች ነው ተብሎ ተቆጠረ። በ2007 ሌሎች ደግመው ሲያዩት እነዚያ እጅግ ረጃጅሞቹ "በረራዎች" ወፏ ጎጆዋ ላይ የተቀመጠችበት ሰዓት ሆነው ተገኙ! መቼም ጎጆ ላይም እግር ደረቅ ነው። በ2012 በሌላ ዳታ አንዳንዶቹ ወፎች ላይ ሌቪው እንደገና ታየ፣ ስለዚህ ሐሳቡ አልሞተም፣ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው የወደቀው። ሙቭባንክ (የእንስሳት ጉዞ ዳታ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ በነፃ የሚገኝ የጂፒኤስ ዳታ ስታወርዱ መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚለካ አንብቡ፣ ኢበርድ (ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት ድረ ገጽ) ላይ ደግሞ ወፍ ያለበትን ሳይሆን ወፍ የሚያይ ሰው ያለበትን እያያችሁ መሆኑን አስቡ፣ አስፋልት ዳር ወፍ የበዛ የሚመስለው ለምን ይመስላችኋል።

አሁን አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ፣ ከኛው ግሪሳ። ግሪሳን ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ሳይሳደብ ስሟን አይጠራም። አንዷ በቀን 10 ግራም ገደማ ነው የምትበላው፣ ግን በመቶ ሺዎች ነው የሚመጡት። ማታ አንድ ቦታ ተሰብስበው ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ማሳ ይበተናሉ። በ1973 ፒተር ዋርድና አሞጽ ዘሃቪ አንድ ግምት አቀረቡ፣ የጋራ ማደሪያ የመረጃ ቦታ ነው፣ ትናንት ያልቀናት ወፍ ትናንት የቀናትን ዛሬ ትከተላለች የሚል፣ ዋርድ ራሱ ግሪሳ ያጠና ሰው ነው። እሺ፣ ተፎካካሪ መልስ እንስጠው፦ የለም፣ እያንዳንዷ ትናንት ወደበላችበት ነው የምትመለሰው፣ በትዝታ። የት ጋ ይለያያሉ? አንድ ትልቅ ማሳ ታጭዶ ባዶ ሲሆን። ትዝታ ብቻ ከሆነ እዚያ ማሳ ላይ ባዶ የጠበቃቸው ወፎች በማግስቱ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ። መከተል ከሆነ ትንሽ ዘግየት ብለው ይነሱና ቀድመው የወጡት ወደሄዱበት ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚለካው አቅጣጫና ሰዓት ነው፣ ለዚህ ስልክ፣ ኮምፓስና ማልዶ የሚነሳ ሁለት ሰው ይበቃል፣ አጨዳው መቼ እንደሆነ ደግሞ ገበሬው ይነግራችኋል። አጨዳ በማን ፈቃድ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ኤክስፐሪመንቱን እሱ ሠርቶላችኋል።

አቅጣጫ ስትመዘግቡ አንድ ወጥመድ አለ። 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ ደምራችሁ ለሁለት ካካፈላችሁ 180 ይወጣል፣ ወደ ሰሜን የሄዱትን ወፎች ወደ ደቡብ ላካችኋቸው ማለት ነው። እያንዳንዱን አቅጣጫ ርዝመቱ 1 የሆነ ቬክተር አድርጉት፣ ደምሩ፣ በብዛታቸው አካፍሉ፣ የሚወጣው ርዝመት ከ0 እስከ 1 ነው፣ 1 ሲጠጋ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሄደዋል። የቪቼክ ሞዴል ላይ ሥርዓቱ የሚለካውም በዚችው ቁጥር ነው፣ ፊዚክሱ ከኢኮሎጂው የተገናኘው እዚህ ላይ ነው፣ በጉልበት አልተሰፋም። ከማደሪያው መጀመሪያ የወጣውንና መጨረሻ የወጣውን የወፍ ማዕበል ለየብቻ አስሉ። ነፋስም መዝግቡ፣ ሁሉም ነፋስ ወደሚመቸው ከሄደ ሁለቱም መልስ ገደል ገባ።

ግሪሳ ለማይመቸው ሌላ አለ። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ያቤሎ፣ ሜጋና አሬሮ መካከል ብቻ የምትኖር፣ ከዚያ ወጥታ የማትታይ የቁራ ዘመድ አለች፣ ግራሩ እዚያ ማዶም ያው ግራር ነው፣ አጥኚዎች በ2012 ድንበሯ ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል፣ የሰውነት ሙቀት ሚዛን መሥራት ለሚችል ፊዚክስ ተማሪ የተዘጋጀ ነው። ኳንተም ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚለው ደግሞ የአውሮፓዋ ሮቢን የምትባል ወፍ ዓይን ውስጥ ያለው፣ በኳንተም ይሠራል ተብሎ የሚታሰበው የማግኔት ኮምፓስ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ግን ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ለማስተርስ አልመክርም።

የመጨረሻው ሰው ነው። ወፍ የሚያውቅ ሰው ፕሮፖዛሉ ሳይጻፍ አግኙ፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ሂዱ፣ ወይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ። ስታገኙት ሞዴላችሁን አታስረዱት፣ ሁለቱን መልሶች ብቻ ንገሩትና "ይኼ ሦስተኛ መልስ የለውም ወይ?" በሉት። ብዙ ጊዜ አለው፣ አንዴ ሜዳ የወጣ ሰው ወዲያው ይነግራችኋል። ወፍ መያዝና መሣሪያ ማሰር ካለበት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በዓይንና በካሜራ የሚሆነውን ጥያቄ ጨርሱ። አድቫይዘር ጋ ስትገቡ ደግሞ አንድ ገጽ በቂ ነው፦ ላይ ሁለቱ መልሶች፣ መሀል የሚለያዩበት ሁኔታ፣ ታች የምትለኩት ቁጥርና ምን ያህል ጠዋት እንደሚፈልግ፣ እኩልታውን እሱ ከጠየቃችሁ ብቻ ከቦርሳ አውጡት።