ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፦ ቤተሰብ ይዞ ለሚነዳ

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በበዓል ሰሞን ከሌላው ጊዜ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። ነዳጅ ከአንድ ቀን በፊት ይሙሉ፤ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ያረጀ ጎማን ስለሚፈትን የመለዋወጫ ጎማውን ንፋስና ክሪኩንም አብረው ይመልከቱ። ጎህ ሲቀድ መነሣት ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ረፋዱ ላይ የከተማው መውጫ ይጨናነቃል፤ ዘግይቶ የወጣም በጨለማ ለመንዳት ይገደዳል።

የክፍያ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ በመሆኑ እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ማረፍ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ካለም መፈራረቅ ይገባል። ትልቁ ጥንቃቄ ግን የሚያስፈልገው የፍጥነት መንገዱ አልቆ ወደ ነባሩ መንገድ ሲገቡ ነው። በዚያ በኩል ለበዓል ገበያ የሚነዱ በጎችና በሬዎች፣ ጋሪዎችና ባጃጆች መንገዱን ከመኪናው ጋር ይጋራሉ። አንድ በግ ከተሻገረ ሌሎቹ መከተላቸው ስለማይቀር፣ ጥሩንባ ከመንፋት ይልቅ ፍጥነት ቀንሶ እረኛው እስኪሰበስባቸው መጠበቅ ይሻላል። በተለይ ሻሸመኔ ስትደርሱ አትቸኩሉ።

ሕፃናት ከኋላ ወንበር በቀበቶ ታስረው ይቀመጡ፤ በእቅፍ መያዝ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ አያድናቸውም። ለሚያስመልሳቸው ልጆች ፌስታልና ውኃ በቅርብ ያስቀምጡ። የሚጾሙ አዋቂዎች ቢኖሩም ለልጆቹ ዳቦና ሙዝ መያዝ አይዘንጋ። ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነው ዕቃ በጠንካራ ገመድ ይታሰር፣ ባረፉ ቁጥርም ይፈተሽ።