በጀት አለ ሲሏችሁ ብር አለ ማለት አይደለም፦ ከከተማ ፋይናንስ ጋር ስትሠሩ ራቁ የምላቸው ስህተቶች

ሰላም ናችሁ? እኔ እዚህ ጎጃም ውስጥ በአንድ ከተማ አስተዳደር ፑል ፋይናንስ (የብዙ መስሪያ ቤቶችን ሂሳብ አንድ ላይ ይዞ የሚከፍለው ክፍል) በሂሳብ ሠራተኝነት ስድስት አመት ሠርቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ለነጋዴና ለማህበራት የሂሳብና የጨረታ ሰነድ እየሠራሁ ነው የምኖረው። መስኮቱን ከውስጥም ከውጭም አይቼዋለሁ ማለት ነው። ውስጥ እያለሁ ሰው ሲጮህ "ይሄ ደግሞ ምን ሁኖ ነው" እል ነበር፣ አሁን እኔው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፌ ስሰለፍ ምን ሁኖ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ሁሉ እየደጋገመ አንድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ሳይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ላውጣው፦ የተሳሳተ በር ማንኳኳት። ስንቱ ነው ግብር በዛብኝ ብሎ ገንዘብ ጽህፈት ቤት (ትልልቆቹ ከተሞች ላይ መምሪያ ነው የሚባለው) መጥቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጠው። ገቢዎች ሌላ ነው፣ ገንዘብ ሌላ ነው። ገቢዎች ይሰበስባል፣ ገንዘብ ደግሞ በጀት ያዘጋጃል፣ ይከፍላል፣ ይመዘግባል፣ ግዥና የመንግስት ንብረት ይከታተላል። የግብር ቅሬታ ገንዘብ ላይ ማንም አይሰማችሁም፣ ሊሰማችሁ ቢፈልግም ስልጣኑ የለውም። ግብር ካነሳን አይቀር፣ ጎጃሜ በግብር ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፣ በ1960 አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስንት ጥይት ተተኩሶ በመጨረሻ ንጉሡ ውዝፉን እስከ መተው የደረሱበት አገር ነው። ቢያንስ ያኔ የሚጮኸው ሰው ማን ላይ እንደሚጮህ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጀትን ብር አድርጎ ማሰብ፣ ይሄ ነው ሰውን የሚበላው። ነጋዴው የመስሪያ ቤቱን ሃላፊ "በጀት አላችሁ?" ይለዋል፣ ሃላፊውም "አለ፣ ጸድቋል" ይላል፣ አይዋሽም፣ እውነት ጸድቋል። ግን እኮ በጀት ማለት ይሄን ያህል ድረስ ማውጣት ትችላለህ የሚል ፈቃድ ነው። ለልጁ ሰርግ "በሬ አንድ፣ ማር ሁለት ገንቦ፣ ጤፍ አራት ኩንታል" ብሎ ወረቀት ላይ ያሰፈረ አባት በሬውን ገና አልገዛም፣ ከምን እንደሚገዛውም ገና እያሰበ ነው። የከተማውም እንደዛው ነው።

ብሩ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከተማ ሁለት ኪስ አለው በሉት። አንደኛው መደበኛው ነው፣ ከክልል የሚመጣው ድጎማ ማለትም ከባህርዳር የሚወርደውና ከተማው ራሱ የሚሰበስበው መደበኛ ግብር ተደምሮ፣ ከዚህ ላይ ነው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የቢሮ ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው፣ አብዛኛውን የሚበላውም ደመወዙ ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ ቄራ፣ የከብት ገበያ፣ መናኸሪያ፣ የግንባታ ፈቃድ ምናምን። ጽዳቱም፣ የመንገድ መብራቱም፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱም ከዚህ ይጠበቃል። እና ይሄኛው ኪስ ላይ ነው ችግሩ፣ በእቅድ ደረጃ "ዘንድሮ ከሊዝ ይሄን ያህል እናገኛለን" ተብሎ በዛ ልክ ወጪው ይጸድቃል፣ ከዛ ሊዙ ሳይወጣ ይቀራል ወይ የወሰደው ሰው አመታዊ ክፍያውን አይከፍልም፣ ብሩ የለም፣ ወረቀቱ ግን አለ። ለማዘጋጃ ቤት ስራ የምትሠሩ የኮብልስቶን ማህበራት ይሄን ነገር ልብ በሉ። እነ ዩአይአይዲፒ በነበሩበት ጊዜ (117 ከተሞችን ያቀፈው፣ በአለም ባንክ ይደገፍ የነበረው የከተማ መሠረተ ልማት ፕሮግራም ማለቴ ነው) ማህበሩ ሁሉ የለመደው የሱን አይነት ክፍያ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤት ኪስ ሲሆን ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው።

ደግሞ በጀቱ ራሱ አንድ ክምር አይደለም፣ በኮድ በኮድ የተቆራረጠ ነው። ነዳጅ 6217፣ ውሎ አበል 6231፣ የቢሮ ዕቃ 6212፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ነዳጅ ላይ የተረፈ ብር ቢኖርም የቢሮ ዕቃው ኮድ ካለቀ የናንተ ወረቀትና ቶነር አይከፈልም፣ መጀመሪያ የበጀት ዝውውር ተጠይቆ መፈቀድ አለበት። ከካፒታል በጀት ቀንሶ ለመደበኛ ወጪ ማዋል ደግሞ ክልክል ነው፣ ለድልድይ የተያዘ ብር አለ ብላችሁ የስብሰባ ሻይ ዳቦ ሂሳብ ከሱ አትጠብቁ። ስለዚህ "በጀት አላችሁ?" የሚል ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። ከየትኛው ኪስ ነው፣ በየትኛው ኮድ ነው፣ ዛሬ ቀሪው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ፑል ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተር ከፍታ በሁለት ደቂቃ ታየዋለች፣ ሃላፊው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ እውነቴን ነው።

ሶስተኛው በቃል ትእዛዝ ዕቃ ማቅረብ ነው፣ ይሄን የቤተሰባችንን ጉድ ልንገራችሁ። አጎቴ አናጢ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ ነው የሚለው፣ ወንበር ይሠራል፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነው። አንድ መስሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ሃላፊው ደወለለት፣ "አያ፣ ሰኞ ስብሰባ አለብን፣ አርባ ወንበር በቶሎ አድርሱልን፣ ብሩ በሳምንት ውስጥ" አለው። ሰውዬው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ምን ብሎ እምቢ ይለዋል፣ በጋሪ ሶስት ዙር ጭኖ ወሰደለት። የግዥ ማዘዣ የለ፣ ውል የለ፣ ንብረት ክፍሉ እረፍት ላይ ስለነበር ሞዴል 19 (ዕቃው ንብረት ክፍል ገባ የሚለው ደረሰኝ) አልተቆረጠም፣ ዘበኛው ነው የተረከበው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሃላፊው ተዛወረ። አዲሱ መጣና "አባቴ፣ እኔ አላዘዝኩዎትም፣ ሰነድ ካለዎት ያምጡ" አለው፣ በአነጋገሩ ጨዋ ነው፣ ደግሞም ልክ ነው፣ ያለ ሰነድ ቢከፍል ኦዲት የሚጠይቀው እሱን ነው። አያ እየተመላለሰ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ምን ላይ ተቀምጦ መሰላችሁ? ራሱ የሠራው ወንበር ላይ። እግሩ ትንሽ ይወዛወዝ ነበርና አንድ ቀን እኔ እያየሁት ከኪሱ ወረቀት አጥፎ ከስሩ ሸጎጠበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙት፦ መስሪያ ቤቱ የግዥ ጥያቄ ያቀርባል፣ ግዥው በደንቡ ይካሄዳል (በፕሮፎርማ ማለትም ዋጋ በማሰባሰብም ይሁን በጨረታ)፣ ማዘዣ ወይም ውል ይሰጣችኋል፣ ዕቃውን ስታስረክቡ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ እናንተ ደረሰኝ ትሰጣላችሁ፣ መስሪያ ቤቱ ለፑል ክፍያ ይጠይቃል፣ ፑል ኮዱን ያያል፣ ሰነዱን ያጣራል፣ ያዘጋጃል፣ ቼክ በሁለት ፊርማ ይወጣል። አንዱ ወረቀት ከጎደለ የሚቆመው እዛው ነው። ዕቃ አራግፋችሁ ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ከግቢው አትውጡ፣ "ነገ ይቆረጣል" የሚል ካለ ዕቃውንም ነገ ይዛችሁ ኑ።

እግረ መንገዴን፣ ክፍያ ዘገየ ብላችሁ ገንዘብ ያዧ ላይ አትጩሁ። እሷ የሰንሰለቱ መጨረሻ ናት፣ ፋይሉ ገና አልደረሳት ይሆናል። "ፋይሌ ማን ጋ ነው ያለው?" ብሎ መጠየቅ ከመቶ ጩኸት ይበልጣል፣ ግማሹ ጊዜ መልሱ "ደብዳቤው ቁጥርና ቀን የለውም ተብሎ ተመልሷል" ነው፣ ማንም ግን አልነገራችሁም።

ሰኔን ያለማወቅ። የመንግስት በጀት አመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ለኛ አዲስ አመት መስከረም ቢሆንም ፋይናንስ ቤት አደይ አበባ የሚፈነዳው ሐምሌ ነው። አመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ መስሪያ ቤት ሁሉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይነቃል፣ በጀቱ ሳይመለስብን ብሎ ይሯሯጣል፣ የናንተ ሰነድ ከመቶ ሰነድ ስር ይገባል። በሰኔ ሶስተኛ ሳምንት የመጣ ፋይል በሙሉ "አስቸኳይ" ተብሎ ተጽፎበት ነው የሚመጣው፣ ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ አንዱም አስቸኳይ አይደለም። ማቅረብ ካለባችሁ እስከ ግንቦት ጨርሱት። ሐምሌ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ በሱ ተስፋ ብድር አትግቡ፣ አዲሱ በጀት ከላይ ጀምሮ በየምክር ቤቱ ጸድቆ፣ ኮድ ላይ ተጭኖ፣ ብሩ እስኪለቀቅ ድረስ ጊዜ አለው። ኮብልስቶን የምታነጥፉ ደግሞ ዝናቡን ጨምሩበት።

ጨረታ ላይ ያሉት ስህተቶች ጥቃቅን ናቸው ግን የሚጥሉት እነሱ ናቸው። የኛ ከተሞች ማስታወቂያ በኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከወጣበት እንጂ እናንተ ካነበባችሁበት አይደለም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ዋጋ ሳይፈርሙበት ማስገባት፣ ኦርጅናልና ኮፒ ሳይለዩ ማሸግ፣ ሲፒኦውን (ባንክ የሚያረጋግጠውን የማስያዣ ቼክ) በሌላ መስሪያ ቤት ስም ማሰራት፣ አንድ ገጽ ላይ ማህተም መርሳት፣ ይሄን ሁሉ በአይኔ አይቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን የቫት ነገር ነው። አንዱ ደንበኛዬ ሰነዱን እኔ ሳላየው አስገባና ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ሳይገልጽ ቀረ፣ የተሰጠው ዋጋ ቫትን ጨምሮ ነው ተብሎ ተያዘ፣ 15 በመቶው ከትርፉ ላይ ሄደ፣ ትርፉ ራሱ 15 በመቶ አይሞላም ነበር። ሌላው ለማሸነፍ ብሎ ዋጋ መስበር ነው፣ ማሸነፉንስ ታሸንፋላችሁ፣ ከዛ ሲሚንቶ ይጨምራል፣ ስራውን ጥላችሁ ስትሄዱ የውል ማስከበሪያችሁ ይወረሳል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ "ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው" የምትለውን መስመርም ዝም ብላ የተጻፈች አድርጋችሁ አትዩአት፣ ይሰርዙታል።

ለአዲስ ተቀጣሪዎች አንድ ነገር ብቻ፦ ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሙ። "ሃላፊው ነገ ባህርዳር ስለሚሄድ ቀድመን እናስፈርም" ይሏችኋል፣ በቅንነት ነው የሚሏችሁ፣ ግን አትፈርሙ። የመስክ አበል በቅድሚያ ወስዳችሁ ከሆነም እንደተመለሳችሁ አወራርዱ፣ ሳይወራረድ የቆየ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሰው ከስራ ሊለቅ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ሲጠይቅ ነው የሚወጣው፣ ያኔ ደረሰኙም የለ፣ አልጋ የያዛችሁበት ሆቴልም ስሙ ጠፍቷችኋል።

የመጨረሻው ደረሰኝ ነው። ከብት ገበያ ላይም፣ መናኸሪያም፣ ቄራም የከፈላችሁትን ብር ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ፣ "ቸኩያለሁ ይቅር" ያላችሁት ብር ከተማው ካዝና መግባቱን ማንም አያውቅም። የተቀበላችሁትን ደግሞ አስቀምጡት፣ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ስለሚደበዝዝ ኮፒ አድርጉት። እናቴ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አላት፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ (የኪራዩና የግብሩ አዋጅ የወጣው በ1968 ነው) በየአመቱ በክር አስራ አስቀምጣለች፣ እኛ ልጆቹ እንስቅባት ነበር። ባለፈው መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የሰባት አመት ውዝፍ አለብዎት ተባለች። አልተጨቃጨቀችም። ሳጥኑን አስይዛኝ ሄድን፣ መስኮቱ ጋ ክሩን እየፈታች አንድ በአንድ ደረደረችው፣ ሰባቱንም አመት። ልጅቷ አየችና "እማማ፣ ይሄንንስ ማን አስተማረዎት?" አለቻት። "እናንተ ናችሁ እንጂ" አለቻት እናቴ፣ ክሩን መልሳ እየጠመጠመች።