ክራሩን ፖርቶ መጋላ ላይ አትጫኚ

ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ «እቃሽን ወዲህ በዪ» ሲልሽ ሻንጣሽን ስጪው፤ ክራሩን ግን አትስጪው። ይቆጣል፣ መተላለፊያ ዘጋሽ ይላል፣ የቸኮለ ተሳፋሪም ያግዘዋል። ዝም ብለሽ ግቢና በጉልበቶችሽ መካከል አቁሚው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አፍሬ ሰጥቼ ነበር። ኮምቦልቻ ስወርድ ቀንበሩ፣ አውታሮቹ የሚታሰሩበት አግድም እንጨት፣ ተሰንጥቆ፣ በላዩም የጤፍ ጆንያ ተጭኖበት አገኘሁት። የዚያን ቀን ሠርግ ያለ ክራር፣ በጭብጨባ ብቻ ዘፈንኩ። ከተከፈለኝም ገንዘብ ግማሹ ለአናጺ ሄደ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ላለፉት 17 ዓመታት ክራሬን ይዤ ብቻዬን ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ስመላለስ ኖሬአለሁ፤ ሠርግ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ በባህል ምሽት ቤቶች። ክራር ከማስተምራቸው ልጆች ሦስቱ ዘንድሮ መንገድ ሊጀምሩ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ወንዶችም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

ብቻ መጫወት እኛ ያመጣነው ነገር አይደለም። ካሳ ተሰማም፣ ሜሪ አርምዴም፣ አስናቀች ወርቁም በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ሰውን አስቀምጠው ማድመጥ ያስቻሉ ሰዎች ናቸው። የሚከብደው ጨዋታው ሳይሆን ዙሪያው ነው። ባንድ ያለው ሰው አንዱ እቃ ሲጠብቅለት ሌላው ሒሳብ ይቀበልለታል፣ ሦስተኛው ከሰካራም ጋር ይከራከርለታል። አንቺ ሁለተኛ ሰው የለሽም። ስለዚህ በየከተማው አንድ ሁለተኛ ሰው አብጂ። የእኔዋ ኮምቦልቻ መነኸሪያ በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ናት፤ ጎንደር ላይ የአንድ ሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ባለ ባጃጅ። ስሄድ አንድ ነገር ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ቆሎ ይሁን፣ ቅመም ይሁን። ስደርስ መድረሴን፣ ስወጣ መውጣቴን ያውቃሉ። ከደብረ ሲና ቆሎ የበለጠ ሰው ያስወደደኝ ነገር የለም፤ መኪናው እዚያ ሲቆም ልጆቹ በመስኮት ያቀብሉሻል፣ ሁለት ጥቅል ግዢ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያ ያዢ። ገበያችን በጾም ይከፈታል፣ በጾም ይዘጋል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ሦስት ሰው ለአንድ ቀን ሊጠራሽ ይችላል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና 55 ቀን ዝምታ ነው። ከፋሲካ በኋላ ትንሽ ይሞቃል፤ ግንቦትን ግን ብዙ ቤተሰብ ለሠርግ ይፈራዋል፣ ተስፋ አታድርጊበት። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ወሎ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ መቁጠሪያ ያስፈልግሻል፤ ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ አንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል፣ ያኔ ደሴ ላይ ማንም አይጠራሽም። የጥር ገንዘብ የመጋቢትን ኪራይ እንደሚከፍል አውቀሽ አስቀምጪ። እኔ ጾሙን የክራሬን ቆዳ ለማስቀየርና አዲስ ዘፈን ለማጥናት አውለዋለሁ።

ዋጋ ስትነጋገሪ አንድ ድምር ቁጥር ብቻ አትቀበዪ። መጓጓዣው ለብቻ፣ መኝታው ለብቻ፣ የመጫወቻው ለብቻ ይጠራ። ከሁሉ በላይ ሽልማቱ የማን እንደሆነ ጠይቂ። ግንባርሽ ላይ የሚለጠፈውን ብር ግማሹን «የቤቱ ነው» የሚሉ አሉ፤ ይህን የምትሰሚው ደግሞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ብሩ ከተቆጠረ በኋላ ነው። በአንድ ከተማ ሦስት ሌሊት ተጫውቼ ኃላፊው «ገበያ ቀዝቅዟል» ብሎ የመሳፈሪያ ብቻ ሰጥቶኝ ያውቃል። ምን ብዬ ልከራከር? በቃል ነበር የተስማማነው።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ከተነጋገርን በኋላ እንዲህ ብዬ በጽሑፍ መልእክት እልካለሁ፦ «ዓርብና ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ መኝታ በእናንተ፣ ሽልማት ሙሉ በሙሉ የእኔ፣ ግማሹ ቀብድ»። «እሺ» የሚል መልስ እስኪመጣ ትኬት አልቆርጥም። ያ «እሺ» ውሌ ነው። ቀብዱ በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ቀብድ ያልላከ ሰው እንዳልጠራሽ ቁጠሪው፤ ዘመድ ቢሆንም፣ በተለይ ዘመድ ከሆነ።

ትኬት ከዋዜማው ቁረጪ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚወጣው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ 10 ሰዓት ከቤት መውጣት አለብሽ፤ ከዋዜማው የምታውቂውን ባለ ታክሲ ተቀጣጥረሽ እደሪ። ማታውን ደግሞ ለሚጠብቅሽ ሰው ደውለሽ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣሪ። በዚህ ዘመን ትናንት የታለፈበት መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ የቀረ ሠርግ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። መቀመጫ ስትመርጪ ከሞተሩ ራቂ፤ ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቀዋል።

ስለ ቆዳው ትንሽ ልቆይ። ክራር የሚኖረው በአየሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ደረቅ ሙቀት ስትወርጂ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ የወጠርሽው አውታር ተጨማሪ ጉልበት ይጭንበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄጂም እንዲሁ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ትፈልጊያለሽ፣ ዓባይ ድልድይ ላይ ላብሽ ይወርዳል፣ ደጀን ስትወጪ እንደገና ብርድ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት አውታሮቹን አላልተሽ፣ ክራሩን በጋቢ ጠቅልለሽ ከረጢቱ ውስጥ አግቢ። ስትደርሺ ቶሎ አትቃኚ። ክፍሉን እስኪለምድ አንድ ሰዓት ተዪው፣ አንቺም ፊትሽን ታጠቢ።

በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ እንደ እርጥብ ካርቶን ድብ ድብ ይላል። መድኃኒቱ የቡና ከሰል ነው፤ እጅሽ ሳይቃጠል ሊቆይ ከሚችልበት ርቀት ላይ ይዘሽ ቀስ እያልሽ አዙሪው። ምድጃው ላይ አስጠግተሽ ስልክ አታውሪ፤ አንድ ቆዳ እንዲህ አቃጥያለሁ። መጠባበቂያ አውታር ሁልጊዜ ከአንቺ ጋር ይሁን። ካጣሽ ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ያገለግላል፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ በቀላሉ ታገኚዋለሽ።

መድረክ ላይ ዘፈኖችሽን በቅኝት፣ ማለትም አውታሮቹ በሚስተካከሉበት የድምፅ ስልት፣ ሰብስቢያቸው እንጂ በስሜት አታሰልፊያቸው። ስድስት አውታር ነው ያለሽ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በከፍታ ስለሚደግም የሚቀረው አምስት ድምፅ ነው፤ ቅኝት በቀየርሽ ቁጥር እጅሽ መቃኛ ላይ ይሆናል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቁልፍ ተጭኖ ያልፋል፣ አንቺ ግን ሕዝብ እያየሽ ታስተካክያለሽ። እኔ በትዝታ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች በአንድነት እጨርስና ወደ አምባሰል እሻገራለሁ፤ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ደግሞ የሚነካው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ባቲን ለብቻው፣ ከእረፍት በኋላ አደርገዋለሁ፣ በእረፍቱ ስለምቃኝ። በነገራችን ላይ ባቲ ከተማ ሄደሽ ባቲ ልትጫወቺ ካሰብሽ በደንብ ተዘጋጂ። በሰኞ ገበያ የመጡ እናቶች አንድ ድምፅ ስትስቺ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያንን ነቅናቂ አንገት እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

በምትቃኚበት ጊዜ አፍሽ ሥራ አይፍታ። አንድ ሁለት ስንኝ አዘጋጂ። የእኔ ይህ ነው፦

ሾፌሩም እንግዳ፣ ረዳቱም እንግዳ፤
ክራሬ ብቻ ናት የማትሆነኝ ባዳ።

ሕዝቡ ሲስቅ ሁለት አውታር ተስተካክሏል።

«ተቀበዪ!» ሲሉሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ግጥም ሰጪው ሰው አንቺን መሣሪያ አድርጎ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውን ሊወጋ ይችላል። ጎንደር ላይ አንድ ጠጥቶ የሞቀው ሰው የባላንጣውን ሚስት የሚነካ ስንኝ ሰጠኝ። እምቢ ብል እሱ ይቆጣል፣ ብቀበል ጠርሙስ ይወረወራል። ስንኙን ተቀብዬ የሴትዮዋ ስም በሚገባበት ቦታ የክራሬን ስም አገባሁበት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውዬውም ሸለመኝ። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ቤት ብቻ አልተፈጠረም። የፖለቲካ ወይም የዘር ስንኝ ከመጣ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አያዋጣም። ያን ጊዜ «አውታሬ ወረደብኝ» ብዬ ጎንበስ እላለሁ፤ ሰውየው እስኪረሳው እቃኛለሁ። በ17 ዓመት ውስጥ አውታሬ ሳይወርድ የወረደበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድምፅ ማጉያውን በተመለከተ፦ ቤቱ «ሁሉ ነገር አለ» ቢልሽም የራስሽን ማይክሮፎንና ገመድ ያዢ። ማይክሮፎኑን ከቆዳው አንድ ስንዝር አርቀሽ፣ ከድምፅ ማጉያው ሳጥን ጀርባ ሆነሽ ተቀመጪ፤ አለዚያ ይጮኽብሻል። መብራት ሲጠፋ አትነሺ። ሻማ ይምጣ በዪና ወደ ጠረጴዛዎቹ ቀርበሽ ቀጥዪ። ብዙ ሽልማት ያገኘሁት መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ነው።

ሽልማቱን መድረክ ላይ አትቁጠሪ። ቀሚስሽ ውስጥ፣ በወገብ በኩል ኪስ አሰፊበት፤ በየእረፍቱ እዚያ አሳድሪው።

መኝታ ስትይዢ ከቡና ቤቱ በላይ ያለውን ክፍል አትውሰጂ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈተውን ምድር ቤትም ተዪ። ቁልፉን ከውስጥ ሞክሪ፤ የማይዝ ከሆነ ክፍል አስቀይሪ፣ ካልተቀየረ ወንበር በሩ ላይ አስደግፊ። የክፍል ቁጥርሽን ደንበኛ ፊት የሚጠራ እንግዳ ተቀባይ አጋጥሞኛል፤ ያን ሌሊት ዕቃዬን ይዤ ወጣሁና ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤት አደርኩ። ሁለተኛ ሰው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሠርግ ላይ ከሆነ የሙሽራዋን እናት ቀድመሽ ሰላም በዪ። «እማማ፣ ማታ የት ነው የማድረው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። እናት የተረከበችሽን ማንም አይነካሽም።

ለጉሮሮሽ ዝንጅብል የገባበት ሻይ ጠጪ። ቀዝቃዛ ቢራ ሲጋብዙሽ ተቀብለሽ ፊትሽ አስቀምጪው፤ መጠጣት ግዴታ የለብሽም። በሶ ያዢ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ወጥ ቤት ተዘግቶ ስታገኚው በውኃ በጥብጠሽ ጠግበሽ ትተኛለሽ። ጾም ከሆነም አያስፈታሽም።

ክፍልሽ ስትገቢ ደክሞሽ አልጋው ላይ ከመውደቅሽ በፊት አውታሮቹን አላዪ፣ ቆዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ክራሩን ከግድግዳው አርቀሽ አቁሚ፤ የርካሽ ሆቴል ግድግዳ ያልባል። ከዚያ ለሁለተኛ ሰውሽ መልእክት ላኪ። የእኔዋ ቡና አፍይ ማንበብ ስለማትችል እደውልላታለሁ። ስለ እኔ ከመጠየቋ በፊት «ክራሯ ደህና ገባች?» ትላለች፤ ያን የተሰነጠቀ ቀንበር ይዤ መነኸሪያው በር ላይ ስቆም ያየችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች።