ከውጭ አገር በተገኘ የሕክምና ዲግሪ የአሜሪካ ጦር ሐኪም መኮንን መሆን የሚቻለው እንዴት ነው?

የአሜሪካ ጦር የውጭ አገር የሕክምና ዲፕሎማን ራሱ አይመረምርም። የሚመረምሩት ሲቪል ተቋማት ናቸው፤ ጦሩ የሚያየው እነሱ የሰጡትን ምስክር ወረቀት፣ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውንና የሐኪምነት ሥራ ፈቃዱን ነው። ስለዚህ ውጭ የተማረ ሐኪም የምልመላ ቢሮን በር ማንኳኳት ያለበት በስተመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚያ ይጀምራል፤ ዓመታት የሚባክኑትም እዚያ ላይ ነው።

ከወዲሁ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጦሩ ለሕክምና ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በአሜሪካና በፖርቶ ሪኮ ባሉ ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ብቻ ነው። ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ የሚገኘው የጦሩ ሕክምና ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ገና ለሚጀምር ዜጋ እንጂ ተመርቆ ለመጣ ሰው አይደለም። ለእርስዎ የሚቀረው ሥልጠናን ጨርሶ በቀጥታ የመሾም መንገድ ነው።

1. ዲፕሎማውን ማስመስከር

የመጀመሪያው ወረቀት ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ከሚመዝነው ተቋም፣ ከኢሲኤፍኤምጂ (ECFMG)፣ የሚገኘው ሰርተፍኬት ነው። ከማመልከትዎ በፊት የተማሩበት ትምህርት ቤት በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን፣ እዚያ የሰፈረው የኢሲኤፍኤምጂ ማስታወሻም የተመረቁበትን ዓመት የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ። ትምህርት ቤቱ ማውጫው ውስጥ ስላለ ብቻ ተመራቂው ሁሉ ብቁ ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ከአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና (USMLE) ውስጥ ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ሲኬ (የክሊኒክ ዕውቀት) የሚባሉት ፈተናዎች ይመጣሉ። የስቴፕ 1 ውጤት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የረዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል የሚሰጠው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ፕሮግራሞች ዓይናቸው በነጥብ በሚሰጠው ስቴፕ 2 ላይ አርፏል። ለእያንዳንዱ ፈተና ያለው ዕድል አራት ጊዜ ነው። ሁለቱም በሰባት ዓመት ውስጥ መታለፍ አለባቸው፤ አንዱን አልፎ ሌላውን ማቆየት ያለፉትን ፈተና መልሶ ሊያስፈትን ይችላል። በአካል በሽተኛ እየመረመሩ ይሰጥ የነበረው ፈተና በ2021 ቀርቷል። በእሱ ፋንታ የክሊኒክ ችሎታዎን የሚያሳዩበት አማራጭ መንገድና ለሐኪሞች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ።

ዲፕሎማውና ትራንስክሪፕቱ የሚረጋገጡት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ በሚመጣ መልስ ነው፤ እርስዎ ይዘውት የመጡት ማኅተም ያለበት ፖስታ አይተካውም። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ፋይል የሚቆመው በስም ነው። ዲፕሎማው ላይ በሁለት “ኤስ” የተጻፈ ስም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ዲፕሎማው ሁለት ስም ሲይዝ ፓስፖርቱ ሦስት ይይዛል። ለፈተና ከመመዝገብዎ በፊት አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፣ የልዩነቱንም ማስረጃ ያዘጋጁ። በኋላ የዜግነት ወረቀቱና የጦሩ ፎርም የሚሞሉት በዚሁ ስም ነው።

2. ረዚደንሲና የሥራ ፈቃድ

ረዚደንሲ የሚገባው በሲቪል ሆስፒታል ነው። ማመልከቻው በመስከረም ወር ይገባል፣ ምደባው በመጋቢት ይታወቃል። ከተመረቁ ብዙ ዓመት ያለፋቸውን የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ እዚህ ላይ መዘግየት ያስከፍላል። የመጨረሻውን የፈቃድ ፈተና ስቴፕ 3ን አልፈው የአንድ ግዛት ሙሉ ፈቃድ ያውጡ። ብዙ ግዛቶች ውጭ ከተማረ ሐኪም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ረዚደንሲ ይጠይቃሉ። ለጦሩ ግን የአንድ ግዛት ፈቃድ ይበቃል፤ በየትኛውም ግዛት ባለ የጦር ሆስፒታል ያሠራል።

ዜግነት ካለዎት ረዚደንሲ ላይ እያሉም መፈረም ይቻላል። ጦሩ ዓመታዊ ድጎማና ወርኃዊ አበል ይሰጣል፤ ዕዳው የተረዱበት ዓመት ብዛት ሲደመር አንድ ነው። ሦስት ዓመት የተረዳ አራት ዓመት ያገለግላል።

3. ዜግነት

መደበኛው ጦር መኮንን አድርጎ የሚሾመው የአሜሪካ ዜጋን ነው። በግሪን ካርድ አምስት ዓመት፣ ከዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር ሦስት ዓመት ቆይቶ ዜግነት መጠየቅ ይቻላል። የምድር ጦሩ ተጠባባቂ ክፍል ግሪን ካርድ ያለውን ሐኪምም የሚቀበልበት መንገድ አለው። ያለ ግሪን ካርድ የጤና ባለሙያዎችን ይመለምል የነበረው ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም ከ2016 ወዲህ አዲስ ሰው አይቀበልም። አሁንም እንዳለ አድርጎ የሚያወራ ካጋጠመዎት አይስሙት።

“አሁን ተራ ወታደር ሆነህ ግባ፣ በኋላ ሐኪም ትሆናለህ” የሚል ምክርም ይሰማል። ወታደር ሆኖ መግባት ዜግነትን ሊያፋጥን ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ሐኪም ግን አያደርግም። በውትድርና ላይ ባሉበት ጊዜ የፈተናው ሰባት ዓመት መቁጠሩን አያቆምም፣ የምረቃውም ዓመት እየራቀ ይሄዳል። በእኛ ግምት ፈተናዎቹን ላላለፈ ሰው ይህ መንገድ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስደው ይበልጣል።

4. ማመልከቻው

በየገበያ ማዕከሉ ያለው መልማይ የሚመዘግበው ተራ ወታደር ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የጤና ባለሙያ መኮንኖችን ብቻ የሚመለምለውን ክፍል ነው፤ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል ለየራሳቸው አላቸው። ማሪኖች የራሳቸው ሐኪም የላቸውም፤ የሚያክማቸው ባሕር ኃይሉ ነው።

የጤና ምርመራው በአብዛኛው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ረጅሙ የደኅንነት ማጣሪያው ነው። ኤስኤፍ-86 የተባለው ፎርም የ10 ዓመት አድራሻና ሥራ፣ የ7 ዓመት የውጭ ጉዞ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶችን፣ የቅርብ ወዳጆችንና ንብረትን፣ በሌላ አገር ጦር ውስጥ ያገለገሉ ከሆነም ያንን ይጠይቃል። ውጭ አገር ዘመድ መኖሩ ብቻውን አይጥልም፤ መደበቅ ግን ይጥላል። የቤት ኪራይ ውሎችንና አሮጌ ፓስፖርቶችን አይጣሉ። አገር ቤት ያለ በጋራ የተያዘ የባንክ ሒሳብ ትንሽ ቢሆንም ይጻፍ።

5. ሹመትና ሥልጠና

አዲስ ሐኪም በአብዛኛው በሻምበልነት ይገባል፤ በባሕር ኃይል ተመጣጣኙ ሌተና ነው። የሕክምና ትምህርቱና ረዚደንሲው እንደ አገልግሎት ዘመን ስለሚቆጠሩ ልምድ ያለው ስፔሻሊስት ከዚያ በላይ ሊሾም ይችላል። የመኮንንነት ሥልጠናው ለባሕር ኃይል ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ፣ ለአየር ኃይል ማክስዌል፣ አላባማ ይሰጣል። የምድር ጦር ሐኪሞች የሙያ ኮርሳቸውን የሚወስዱት ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ማዕረጉ፣ የተቆጠረልዎት ዓመትና የቦነሱ መጠን ውሉ ላይ መስፈራቸውን ይዩ፤ በቃል የተነገረ አይቆጠርም። የአገልግሎት ግዴታው በጠቅላላው ስምንት ዓመት ነው፤ ከመደበኛ አገልግሎት የሚተርፈው በተጠባባቂነት ይሞላል።