አይጥ ቤት ከገባች መርዝ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ፈልጉ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ አዝመራው ተሰብስቦ እህል ቤት በሚገባበት ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከደሴ እስከ ሀይቅ፣ ከወልድያ እስከ ቆቦ የሁሉም ሰው ወሬ አይጥ ፈጀን ነው። ማሳው ሲታጨድ መደበቂያዋም ምግቧም አብሮ ይሄዳል፣ እህሉ ቤት ገባ፣ እሷም ተከትላው ገባች፣ በዛ ላይ እንደ ደሴ ብርድ ያለበት ቦታ ሙቀት ፍለጋም ትገባለች።

አምና እማየ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ማዳበሪያውን ሳነሳው ከታች ጥጉ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች፣ ጤፉ እንደ ክር ቀጥኖ እየፈሰሰ ግድግዳው ስር ተከምሯል፣ ክምሩ ላይ ደግሞ ጥቁር ሩዝ የሚመስል ኩስ። እኔም ተናድጄ ገበያ ወጣሁና በወረቀት የተጠቀለለ ስም የሌለው መርዝ ገዝቼ በተንኩ። በሶስተኛው ቀን የጎረቤት ድመት ሞተች፣ አንዷ አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ቤቱን አገማችው፣ ከወር በኋላ ደግሞ ሌሎች አይጦች መጡ፣ በዛችው ቀዳዳ። ይሄን የምፅፈው እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

አይጥ ለመግባት 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ትንሿ አይጥ ትገባለች በሉ። አይጠ መጎጥ ትንሽ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። አንዷ እናት ካረገዘች በ3 ሳምንት 5 ወይም 6 ትወልዳለች፣ ልጆቿም በ6 ሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ፣ ስለዚህ ዛሬ ሁለት አየሁ ብሎ ችላ ማለት አይሆንም።

ቀዳዳ ፍለጋው እንዲህ ነው። ቀን ላይ በርና መስኮት ዝጉና ቤቱን አጨልሙት፣ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ መግቢያ ነው። ማታ ደግሞ ግድግዳው ስር ዱቄት ስስ አርጋችሁ ነስንሱ፣ ጠዋት ዱካዋ ከየት እንደመጣ ራሱ ይነግራችኋል። የበር ስር፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት ሽቦ የሚገባበት፣ ከምድጃ ጀርባ፣ እንዲሁም ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን እዩ፣ አይጥ ግድግዳ ትወጣለች፣ ብዙ ሰው ግን መሬት መሬቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ስትዘጉ በጨርቅ ወይም በፌስታል አይሆንም፣ በአንድ ሌሊት ትቦረቡረዋለች። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ብቻውን አይበቃም፣ ሽቦው ከስር ይግባ። የበሩን ስር ላሜራ አስመትቱት፣ አናጢ ጋር ቀላል ስራ ነው።

ቀጥሎ ምግብ። እህልና ዱቄት ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ወይም ጣሳ ይቀመጥ፣ ማዳበሪያም የነቀዝ መከላከያ ከረጢትም ለጥርሷ ምንም አይደለም። ጎተራ ያላችሁ ደግሞ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አርጉትና እያንዳንዱ እግር ላይ ጃንጥላ የሚመስል የቆርቆሮ ቆብ አልብሱት፣ መውጫ ታጣለች፣ ጎተራው ላይ የሚደርስ ቅርንጫፍ ካለም ቁረጡት። ማታ ሞሰቡን ክደኑ፣ የድመትና የዶሮ ምግብ አታሳድሩ።

ሱቅ፣ ካፌ ወይም መጋዘን ያላችሁ፣ እቃ ግድግዳ ላይ አታስደግፉ፣ ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ከወለል ደግሞ በእንጨት ርብራብ አንሱት፣ ከጀርባው መጥረግና ማየት የማትችሉበት ቦታ የእሷ ቤት ነው። መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ ሽጡ፣ ጥግ ላይ ወራት የተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ነው የምትወልደው። የፍሪጅ ጀርባና የመብራት ሽቦውንም እዩ፣ ሽቦ ስለምትበላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ ያዙ። አንድ ወጥመድ መሀል ወለል ላይ ማስቀመጥ ድካም ነው፣ አይጥ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ በየ2 ሜትሩ አስቀምጡ፣ ስድስት ሰባት ወጥመድ በአንድ ሌሊት ከአንድ ወጥመድ ሳምንት ሙሉ ይሻላል። ምግቡ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይሁን፣ ትንሽ ብቻ፣ ብዙ ካረጋችሁ ጫፉን ልሳ ትሄዳለች። አይጠ መጎጥ ግን አዲስ ነገር ይፈራል፣ ለእሱ ወጥመዱን ሳትወጥሩ ለጥቂት ቀን ምግብ አስለምዱትና ከዛ ወጥሩ። ድመት ትረዳለች፣ ግን ቀዳዳ አትዘጋም።

መርዝ የግድ ከሆነ፣ በእናታችሁ፣ ፅሁፍ የሌለው አትግዙ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው አይነት ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል፣ አልሰራም ብላችሁ አትጨምሩ። ህፃንና እንስሳ በማይደርስበት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ እህል አጠገብ በፍፁም። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚገባውን ክኒን ለአይጥ ብሎ ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያስቀምጥ አለ፣ እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ ማርከሻ የለውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል። ልጅ መርዝ ከነካ ወይም ከዋጠ በግድ አታስታውኩት፣ ወተት ምናምን እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ኩሷን በደረቁ አትጥረጉ፣ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንትና ማስክ አርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉት። የሞተችውንም በእጃችሁ አትንኩ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቅበሩ።

አብሽሩ፣ እማየ ቤት ቀዳዳውን ስንዘጋና ጤፉን በርሜል ስናስገባ በወጥመድ አራት ያዝን፣ ከዛ ወዲህ እማየ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዱቄቱን ነስንሳ ጠዋት ታያለች፣ እስከ ዛሬ ዱካ የለም።