መሃሉ እያረረ ጠርዙ የሚያጣብቀው ድርብርብ ሰሌዳ እንዴት ተስተካከለ

ኢፖክሲ (ሲሞቅ የሚጠነክር ሙጫ) የጠጣ ፋይበርግላስ (የመስታወት ክር ጨርቅ) ደራርቤ በማይክሮዌቭ ሳጠነክር መሃሉ ላይ ቡናማ ያረሩ ነጥቦች ይወጡ ነበር። ጠርዙ ግን ያጣብቃል። የታችኛው ንብርብርም እንደለሰለሰ ይቀራል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የማይክሮዌቩ የ2.45 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሳጥኑ ግድግዳ እየነጠረ ሲመላለስ ቋሚ ሞገድ፣ ማለትም ብርቱና ደካማ ቦታዎቹ የማይንቀሳቀሱ ሞገድ፣ ይሠራል። በየ6 ሴንቲሜትሩ ገደማ አንድ ትኩስ ቦታ ይፈጠራል ማለት ነው። ኢፖክሲ ደግሞ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ የጋለው ቦታ ይብስበታል። ሁለተኛው ከሥር ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው። ሞገዱን ይመልሳል፣ የተገኘችውንም ሙቀት ይስባል።

አሉሚኒየሙን ሞገድ በሚያሳልፍ ቴፍሎን ተካሁት። ድርብርቡ ሰሌዳ እንዲሽከረከር አደረግኩ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ኃይሉን ዝቅ አድርጎ በአጭር በአጭሩ መስጠት ነው። በየመሃሉ ሲያርፍ ሙቀቱ ወደ ዳር ይሰራጫል። ሙቀቱን የምለካው በኦፕቲክ ፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) ነው፤ የብረት ሽቦ ያለው መለኪያ እዚያ ውስጥ አይታመንም።

አሁን ጠርዙም ሥሩም ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት።

በካርቦን ፋይበር ግን ይህንኑ እንዳትሞክሩ። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የተቆረጠው ጫፉ ብልጭታ ይፈጥራል። ለኢፖክሲ የዋለ ማይክሮዌቭም በፍጹም ምግብ አይግባበት።