ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ይዘው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ክትትሉ እንዳይቋረጥ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

አገር ሲቀየር ሕመሙ አብሮ ይሄዳል፤ የሕክምና ታሪኩ ግን የድሮው ካርድ ክፍል ይቀራል። አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፣ በመሃል መድኃኒት ያልቃል። በስደተኞች ጤና ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ይህንኑ የክትትል መቋረጥ ነው። አብዛኛውን ክፍተት ግን አስቀድሞ መድፈን ይቻላል።

1. ከመነሳትዎ በፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያጽፉ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የሕመሙ ስም፣ የታወቀበት ዓመት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የማይስማማዎት መድኃኒትና የመጨረሻው የላብራቶሪ ውጤት ይኑርበት። መድኃኒቱ በንግድ ስሙ ብቻ እንዳይጻፍ፤ በየአገሩ የሚታወቀው የመድኃኒቱ ዋና ስምም ይጨመር። ለምሳሌ ግሉኮፋጅ የሚለውን የስኳር መድኃኒት የንግድ ስም የማያውቅ ፋርማሲስት ሜትፎርሚን ሲባል ወዲያው ይገባዋል።

ከቁጥሩ ጎን መለኪያው ይጻፍ። የደም ስኳር አንዳንድ አገር በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው ዘንድ በሚሊሞል በሊትር ይለካል። 126 ሚሊግራም እና 7 ሚሊሞል አንድ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ግን 7 ሲያይ ስኳሩ የወረደ ይመስለውና መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። የመጀመሪያውን ለ18 ሲያካፍሉ ሁለተኛውን ያገኛሉ (ይህ ለስኳር ብቻ ነው፤ ለኮሌስትሮል አይሠራም)።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ደግሞ የብልቃጡንና የመርፌውን ጽሑፍ ያስተያዩ። በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ያለው ኢንሱሊን በሚሊሊትር 40 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን በተሠራ መርፌ ከተቀዳ፣ የሚገባው መጠን ከታዘዘው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ይህ ስህተት ሰው ይገድላል።

2. መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ፣ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ይያዙ። ኢንሱሊን የአውሮፕላን ጭነት ክፍል ውስጥ ሊበርድ ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ለማስገባት ፈቃድ የሚጠይቁ አገሮች ስላሉ ኤምባሲውን አስቀድመው ይጠይቁ።

3. እንደደረሱ፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ፣ በቅርብዎ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይመዝገቡ። ብዙ ሰው እስኪብስበት ይጠብቅና ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ድንገተኛ ክፍል የዕለቱን አደጋ ያበርዳል እንጂ ግፊትዎን በየወሩ አይከታተልም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው የመታከም መብት ከአገር አገር ይለያያል፤ ስደተኞችን የሚረዱ ድርጅቶችን ሳይጠይቁ «አይቀበሉኝም» ብለው ቤት አይቀመጡ።

4. አስተርጓሚ ይጠይቁ። በልጅዎ አያስተርጉሙ። ቋንቋውን ቢያቀላጥፈውም የሕክምናውን ቃል ላያውቅ ይችላል፣ እናቱን የሚያስደነግጥ ነገርም ይዘላል፤ እናትም በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። ሐኪሙ ሲጨርስ የገባዎትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሩት፦ «ይህን ጠዋት አንድ፣ ይህን ማታ ከምግብ በኋላ፤ ትክክል ነኝ?» ያቋረጡት መድኃኒት ወይም የሚጠጡት የባህል መድኃኒት ካለ አይደብቁ። አንዳንዱ ከታዘዘልዎት ጋር ይጋጫል።

5. መድኃኒት ካለቀ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለመቆጠብ ብሎ ግማሽ መዋጥም ሆነ ከሌላ ሰው መዋስ መፍትሔ አይደለም። ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) በድንገት ሲቆሙ ለሕይወት ያሰጋሉ። በዚያው ቀን ማጠቃለያውንና ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ይሂዱ። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደነዘዘ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።